የተጨመረልኝ ቀን

ወንድሜ ቢንያም ሌሊት ሞቶ፣ ጠዋት አጎታችን ጋሼ ጎበና መሪ ኮንዶሚኒየም ካለው ቤቴ መጥተው፣ ወጥ ቤት ገብተው፣ ለእሱ የምሠራውን ምስር በማንኪያ ጫፍ ቀምሰው «ጨው ትንሽ አንሶታል» አሉኝ። እኔ መሞቱን አላውቅም። እሳቸው ያውቃሉ። ጨው ጨመርኩ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር፤ ጋሼ ጎበና ደግሞ በፍልሰታ ቅዳሴ ሳያልቅ ውሃ እንኳ የማይቀምሱ ሰው ናቸው። በሥራ ቀን፣ ያውም ሰው ከሰው በሚሸሽበት በዚያ የኮሮና ክረምት፣ ሳይደውሉ ከአያት መምጣታቸው ሳያንስ ጾማቸውን ሲገድፉ ቆሜ እያየሁ ምንም አልጠረጠርኩም። ማስካቸውን አገጫቸው ሥር አውርደው፣ ማንኪያውን ከአፋቸው ሳያወጡ፣ ምድጃው ላይ አፍጥጠው ቆዩ። ምነው ዛሬ በደህና ነው ስላቸው፣ አስቤሽ ነው አሉኝ። እኔም ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

ያልጠረጠርኩት ደስ ብሎኝ ስለነበር ነው። ቢንያም ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ ዳገቱ ሥር ባለው ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ እድሳት ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። በሽታው ከገባ ወዲህ ደግሞ በየማለዳው የግቢውን ማስታወቂያ በቴሌግራም የሚጽፈው እሱ ነው፤ የትኛው በር እንደተዘጋ፣ የትኛው ሕንፃ እንደሚታደስ፣ ማን የት ይታጠብ፣ ማን የት ይለካ። ራሱ ታሞ ለሠራተኞች ለይቶ ማቆያ ወደተደረገው የተማሪዎች መኝታ ሕንፃ ከገባ በኋላም አልጋው ላይ ተኝቶ ይጽፍ ነበር። ከዚያ ድምፁ እየደከመ፣ ማስታወቂያውም ቀረ። ያን ቀን ጠዋት ስልኬን ስከፍት ግን ወጥቷል። «የግቢያችን ማኅበረሰብ፣ እንደምን አደራችሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ጣራ ሥራ ስላላለቀ የሰሜኑ በር ዛሬም ዝግ ነው። የመኝታ ሕንፃዎቹ ተማሪዎች ከመመለሳቸው በፊት ቀለም እየተቀቡ ስለሆነ በሥራቸው ስታልፉ ተጠንቀቁ። ያለ ማስክ መጥታችሁ ከጥበቃ ጋር አትጨቃጨቁ። እንጦጦ ዛሬ ጭጋግ ለብሷል፤ ጃኬት ያዙ።» የመጨረሻዋ የእሱ ናት። አለቆቹ ቢቆጡትም የእንጦጦን ጭጋግና ፀሐይ ሳይጽፍ ማስታወቂያ ዘግቶ አያውቅም። እሷን አንብቤ ብቻዬን ስቄ፣ ምስሩን ለቅሜ ጣድኩ። ጋሼ ጎበና በሩን ሲያንኳኩ ገና ፈገግታዬ ከፊቴ አልጠፋም ነበር።

ምግቡን በሳህን ከድኜ በፎጣ ስቋጥር፣ እንግዲያው በዚያው ወደ እንጦጦ ውጪ አሉኝ። ኪዳነ ምሕረት አስቀድሺና ጠበል ይዘሽለት ውረጂ፤ ቅዳሴው ሳያልቅ ግን እንዳትወጪ አሉኝ። ራሴም ላደርገው አስቤ በሥራ ምክንያት ያሳደርኩት ስእለት ስለነበር፣ እንዴት አወቁብኝ ብዬ ተገረምኩ። ቀጥለው ስልኬን ጠየቁኝ። የእሳቸው ተበላሽቶ የሚጠሩት ሰው አለ፤ እስክመለስ እኔው ቤት ይቆያሉ፤ ቤቱንም ይጠብቁልኛል። ሰጠኋቸው። ደረጃው ድረስ ሸኙኝና የተቋጠረውን ምግብ እስከ ታች እኔ ልያዝልሽ አሉ። የእናታችን ታናሽ ወንድም ናቸው፤ እናትና አባታችን ከሞቱ ወዲህ በቤታችን ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። የያዙልኝ ዕቃ ግን ትዝ አይለኝም። እምቢ ብል ፎጣውን ሳይለቁ አብረውኝ ወረዱ።

ከእኔ በታች ያለችውን ጎረቤቴን ሥርጉትን የተደራረቡ የላስቲክ ወንበሮች አቅፋ ደረጃ ላይ አገኘኋት። ስታየኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ምን ተገኘ ብላት፣ ላጥባቸው ነው አለች በማስኳ ውስጥ። ታች ደግሞ የእድራችን ሰዎች የትንሿን ድንኳን ብረቶች ከጋሪ ላይ እያወረዱ ነበር። እኔን ሲያዩ ብረቱን መሬት ላይ አስቀምጠው ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። አንደኛው፣ መጋዘኑ ስለሚያፈስ ዝገት እንዳይበላው እያየነው ነው አለኝ፣ ሳልጠይቀው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ይበርታችሁ ብያቸው አለፍኩ። የወንድሜን ለቅሶ ድንኳን ይበርታችሁ ብዬ መርቄ ነው የወጣሁት።

ታክሲ በዚያን ጊዜ በግማሽ ጭኖ በእጥፍ ያስከፍላል። ከመሪ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከዚያ የፈረንሳይን ታክሲ ይዤ እስክደርስ ለወር አስቤዛ ያስቀመጥኩት ሲጎድል ይሰማኝ ነበር፤ ግን ያን ቀን አላሳሰበኝም። ምስሩ ጭኔ ላይ ይሞቃል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ሽታው ሲያውዳት፣ ለበሽተኛ ነው አይደል አለችኝ። ለወንድሜ ነው፣ ተሽሎታል አልኳት። ተመስገን በይ፣ ከእኛ ሰፈር ማቆያ ገብቶ የወጣ የለም አለች። ረዳቱ ዘወር ብሎ፣ እናቴ ማስኩን ወደ አፍንጫ ነው እንጂ ወደ ነገር አይደለም ሲላት ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

የዩኒቨርሲቲው ጥበቃ በዳዳ ከሌሎቹ ሁሉ ጨዋታ ያበዛል። ምግብ ይዤ በመጣሁ ቁጥር፣ ዛሬም ለእሱ ብቻ ነው፣ እኛ ያልታመምነው ጥፋታችን ምንድን ነው እያለ ያስቀኛል። ያን ቀን ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ። ሳህኑን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ አልኮል ረጨበት፤ ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው፤ እግዜር ይስጥሽ አለ። የትናንቱ ሳህንስ ስለው፣ ገና አልወረደም አለኝ። እንደ ሌላው ቀን ከአጥሩ ጋር ተጠግቼ ወደ ሁለተኛው ፎቅ መስኮት አንጋጠጥኩ። ሕንፃው በሙሉ በብረት መወጣጫ ታጥሮ መስኮቶቹ በላስቲክ ተሸፍነዋል፤ ከታች ደግሞ የኖራና የቀለም ሽታ ይወጣል። የእሱ መስኮት ቦታው አይጠፋኝም። እጄን አውለበለብኩ። ላስቲኩ ጀርባ አንድ ጥላ ቆመ፤ ትንሽ ቆይቶ እሱም እጁን አነሣ። ዛሬማ ቆሟል ብዬ አሰብኩ። በመስኮቱ ያየሁት ክፍሉ ባዶ ስለሆነ መድኃኒት ሊረጭ የገባ ሠራተኛ ነው። አንዲት ሴት ከታች ሰላም ስትለው ጊዜ ሰላም አላት፤ ሌላ ምን ያድርግ።

ዘወር ስል የቢንያም የሥራ ባልደረባ ዒምራን ከኋላዬ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል። የሲሚንቶ አቧራ ነው አለኝ ገና ሳልጠይቀው።

«ዛሬ ጻፈ እኮ» አልኩት። «አየህልኝ? ጭጋጉንም አልረሳ።»

ዒምራን ማስኩን በእጁ ደግፎ ወደ መሬት አየ። ቀና አለና «እህቴ፣ ዛሬ እንጦጦ አትውጪ» አለኝ። እንጦጦ ልወጣ መሆኔን አልነገርኩትም ነበር። በዳዳ ከጠረጴዛው ጀርባ ፈጥኖ መጥቶ የዒምራንን ክንድ ያዘው። ሰው የሰውን እጅ በማይጨብጥበት በዚያ ወቅት ክንዱን አጥብቆ ይዞ በኦሮምኛ አንድ ነገር ነገረው። ዒምራን መለሰለት፤ በዳዳ ደገመለት። በኋላ ዒምራን ሲነግረኝ፣ በዳዳ ያለው «የሚያረዷት ሽማግሌዎች አሏት፤ መርዶ በር ላይ አይነገርም» ነው። ዒምራን ደግሞ «ታዲያ ማን ነው ለቀብሩ የሚያደርሳት» ብሎት ነበር። እኔ በቀለም ቀቢዎቹ ጉዳይ የተጣሉ መስሎኝ ተሰናብቻቸው ሄድኩ። ትንሽ ራቅ ስል ዒምራን በስሜ ጠራኝ። ዘወር አልኩ። እጁን ዘረጋና መልሶ አወረደው።

እንጦጦ እውነትም ጭጋግ ለብሶ ነበር። የላይኛው መንገድ ጭቃ ነው፤ ባሕር ዛፉ ያንጠባጥባል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሰው በየዛፉ ሥር ተራርቆ፣ ነጠላውን በማስኩ ላይ ጠምጥሞ ቆሟል። ጠበሉ አጠገብ መምሬ ገብረ ክርስቶስ የሚባሉ ጃንጥላ የያዙ ቄስ የሰው ስም ይቀበላሉ። ተራዬ ሲደርስ የክርስትና ስሙን ነገርኳቸው፤ ወልደ ማርያም። ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ።

«የሕያው ነው የሙት?» አሉኝ።

«የሕያው» አልኳቸው።

ስሙን በቅዳሴው መካከል ሲጠሩት ሰማሁ። ከብዙ ስም መካከል ነው የሰማሁት፤ ቢሆንም ጆሮዬ ለየው፤ ተንበረከክሁ። በዚያው ሰዓት ታች የካ ሚካኤል ቅጥር ውስጥ፣ ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች ሳጥኑን ሲያወርዱት፣ ሌላ ቄስ ያንኑ ስም በፍትሐት ይጠሩ ነበር። ለቀብር የሚፈቀደው ሰው ጥቂት ነው፤ ጋሼ ጎበና የሚገባውንና የማይገባውን መርጠዋል። እሳቸው ነበሩ፤ ወንዶች የአጎት ልጆቼ ነበሩ፤ ከእድሩም ነበሩ። እኔ ከተራራው ላይ ሆኜ፣ ጭጋጉ ገለጥ ሲል ከተማውን ቁልቁል እያየሁ፣ የትኛው የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የትኛው የየካ ጫካ እንደሆነ ለመለየት ስሞክር አስታውሳለሁ። ልቤ ሙሉ ነበር። እንደዚያ ቀን ተደስቼ ጸልዬ አላውቅም።

ቅዳሴው ሳያልቅ አልወጣሁም፤ ታዘዝኩ። ጠበሌን በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቼ፣ በእግሬ ቁልቁለቱን ስወርድ ዝናቡ ያዘኝ። የዩኒቨርሲቲው በር ስደርስ በዳዳ ተረኝነቱ አልቆ ሄዷል። ምስሩ ጠዋት ያስቀመጠው ቦታ ላይ ነው፤ አቧራ እንዳይገባበት በሱፍ ኮፍያው ከድኖት ሄዷል። ዒምራን ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ነበር። መጠለያው ሁለት እርምጃ ቢሆንም አልተጠለለም።

«ሐመልማል» አለኝ። «ቢንያም ሌሊት አርፏል። ማታ ብሶበት በአምቡላንስ ወስደውት ነበር። ቀትር ላይ የካ ሚካኤል ተቀበረ።»

መጀመሪያ የወጣኝ ጥያቄ ዛሬም ያስገርመኛል። «ጠዋት የጻፈውስ?» አልኩት።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ቤተሰብ ሳይረዳ እንዳይሰማ፣ ማስታወቂያው እንደ ወትሮው ይውጣ ተባልኩ።»

«ጭጋጉንስ?»

«እሱንም እኔ።»

ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ መጣ። ጋሼ ጎበና የተደወለላቸው ገና ሳይነጋ ነው፤ ቢንያም ሲታመም የእኔን ሳይሆን የእሳቸውን ስልክ ሰጥቶ ነበር፤ እንዳልደነግጥ። ዒምራን ይህንን ሲነግረኝ እያለቀሰ ነበር። እኛ ጋ ወዲያው ይነገራል፣ ወዲያው ይቀበራል፤ እናንተ ጋ ግን መርዶ ሥርዓት እንዳለው ስለማውቅ ፈራሁ አለኝ። እንጦጦ እንደላኩኝ ጋሼ ጎበና ጠዋቱን ደውለው ነግረውታል፤ ሽማግሌዎቹ ነገ ንጋት ላይ ሊያረዱሽ ቀጥረዋል አለ። ጠዋት ነግረኸኝ ቢሆን እደርስ ነበር አልኩት። አዎ፣ ትደርሺ ነበር አለኝ። ማስተባበያ አልፈለገም፤ ስለዚህም ይመስለኛል እሱን ልቆጣው ያልቻልኩት።

በአሮጌ ቪትዝ መኪናው የካ ሚካኤል ወሰደኝ። ዝናቡ አባርቶ ቅጥሩ ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም። አዲስ የተቆለለው አፈር አንድ ብቻ ስለሆነ ማንም ሳያሳየኝ አወቅሁት። በላዩ ላይ ቀብረው የሄዱት ሰዎች የጎማ ጓንቶች እዚህም እዚያም ተጥለዋል። እየለቀምኩ አነሣኋቸው። ዒምራን ራቅ ብሎ መዳፉን ዘርግቶ ቆመ። እኔ ለቅሶ ቤት ገብቼ የሰው ሙሾ ተቀብዬ አለቅሳለሁ እንጂ አውጥቼ አላውቅም። የሚያወጣልኝ ሰው ስላልነበረ ራሴ አወጣሁ።

የሰሜኑ በር ዝግ የደቡቡም ዝግ ነው፣
ወንድሜ ቢንያም የወጣህ በየት ነው።

ይህንን ብቻ መላልሼ እያልኩ ጮህኩ። ልብሱን ይዤ አላዞርኩም፤ ፎቶውን አላቀፍኩም፤ ከጎኔ ደረቷን የምትመታ ሴት አልነበረችም። የሚቀበለኝ የለም፤ የሚይዘኝም የለም። መጨረሻ ላይ ድምፄ ራሱ አለቀ።

ቤት ስገባ ቤቱ በዘመድ ተሞልቶ ነበር። ከአያት የመጡ፣ ከጉለሌ የመጡ፣ ሁሉም በአጋጣሚ። ሁሉም ጥቁር ከላይኛው ልብሳቸው ሥር ለብሰዋል። የአጎቴ ሚስት፣ እንዴት አገኘሽው አለችኝ። ከአንገቷ በላይ ፈገግ ብላ ነው። ጋሼ ጎበና ጥግ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያያሉ፤ ጫማቸው ዳር የየካ ቀይ ጭቃ ደርቋል። እኔም ጫማዬ ላይ ያው ጭቃ ነበር፤ ማንም አላየውም። ደክሞኛል አልኩ፤ ድምፄ አልወጣ ሲል፣ ብርዱ ነው፣ እንጦጦ ብርድ ነው ተባባሉ። ሻይ ሰጡኝ። አንዷ ስለ ስኳር መወደድ ጀመረች፤ ሌላዋ ስለ ዘይት ቀጠለች። እነሱ ያውቃሉ፤ እኔ አውቃለሁ፤ ዘይቱ ግን ያን ያህል ተወደደ። ተነሥቼ ጓዳ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ላጋልጣቸው የምችልበት ጉልበት አልነበረኝም፤ እውነቱን ለመናገር እስከ የት እንደሚሄዱም ማየት ፈልጌ ነበር።

ዘመዶቹ ማምሻውን ተሰናብተው ወጡ፤ ንጋት ላይ የመጡት እንደ ደንቡ ነው። የእድሩ ዳኛ አቶ ሕሩይ ከፊት፣ የንስሐ አባታችን ተከትለው፣ ከዚያ ጋሼ ጎበና፣ ከኋላ ሥርጉትና ሌሎቹ ሴቶች፣ ጩኸቱ ሲጀመር ሊይዙኝ ተዘጋጅተው። በሩን ሲከፍቱት መብራቱ በርቷል። እኔ ጥቁር ለብሼ፣ ፀጉሬን ሸፍኜ፣ ወንበሮቹን በግድግዳው ዙሪያ ደርድሬ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ። አቶ ሕሩይ ለዚህ ያዘጋጁትን ቃል ጀምረውት ነበር። እንግዲህ ልጄ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን ካሉ በኋላ ልብሴን አይተው አቆሙ።

«አውቃለሁ» አልኳቸው፤ የተረፈኝ ድምፅ ሹክሹክታ ነበር። «ትናንት መቃብሩ ላይ ሄጄ ብቻዬን አልቅሻለሁ። ተቀመጡ። አሁን ደግሞ እናንተ አልቅሱ።»

ማንም አልተቀመጠም። ሴቶቹ ለጩኸት የከፈቱት አፍ ተከፍቶ ቀረ። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ካወጡ በኋላ ወዴት እንደሚያደርጉት ጠፋባቸው። ጋሼ ጎበና ከመካከላቸው ወጥተው ወደ እኔ መጡ፤ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራቸው ቆሙ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ፣ ሳጥኑ ሲወርድም ጭምር፣ እንባ አልወጣቸውም ነበር ይላሉ ያዩዋቸው፤ ፊታቸው ሳይበላሽ ተመልሰው እኔ ፊት መቅረብ ነበረባቸውና። አሁን ግን ማስካቸው ከላይ ጀምሮ እየረጠበ ሲወርድ አየሁት።

«በሩን ስትከፍቺልኝ እየሳቅሽ ነበር» አሉኝ። «ልነግርሽ ነው የመጣሁት፤ ማርያምን። ስትስቂ አይቼ… አንድ ቀን ልጨምርልሽ ብዬ ነው፣ ሐሙዬ። አንድ ቀን ብቻ።»

«ቀብሩ ግን የእኔ ነበር፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ራሳቸውን አወዛወዙ፤ አዎ ማለታቸው ይሁን ወይም ሌላ አላወቅሁም። ግድግዳውን ያዙ፤ ከዚያ እንደ ልጅ፣ ድምፃቸውን ሳይቆጥቡ፣ የእህቴን ልጅ፣ የእህቴን ልጅ እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። ያን ጊዜ ሴቶቹም ተቀበሏቸው፤ ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ፤ የላይኛውም የታችኛውም ፎቅ በሮች መከፈት ጀመሩ። እሳቸው ሁለት እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተዋል። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው፤ ገብቼ እቅፋቸው ላይ እንድወድቅ ይጠብቃል። ወንበር አንሥቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩ፤ በክንዳቸው ደግፌ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ በላይ አልቀረብኳቸውም።